ልጁ ወደፊት፣ አባቱ ወደኋላ

ለወጣት የተጻፈ አስፈሪ ልቦለድ ብዙውን ጊዜ ለአዋቂ ይቀልለዋል፤ ለአዋቂ የተጻፈው ደግሞ ወጣቱን ያሰለቸዋል። ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1962 ያሳተመው «ሰምቲንግ ዊክድ ዚስ ዌይ ከምስ» ግን የአሥራ ሦስት ዓመቱን ልጅም የሃምሳ ዓመቱን ጎልማሳም እኩል እንቅልፍ ይነሳል። ርዕሱ የተወሰደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ ከመለሰው ከሼክስፒር «ማክቤዝ»፣ ከጠንቋዮቹ አፍ ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1920 የተወለደባትን ዋኪጋንን አስመስሎ በፈጠራት ግሪን ታውን በምትባል የኢሊኖይ ትንሽ ከተማ ነው። ዊል ሃሎዌይና ጂም ናይትሼድ ጎረቤታሞች ናቸው፤ 14 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ቀርቷቸዋል። ዊል የተወለደው ኦክቶበር 30 ከእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው፣ ጂም ደግሞ እኩለ ሌሊት ካለፈ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ነው። ሁለት ደቂቃ ሁለት ቀን ሆነች ማለት ነው። ብራድበሪ የልጆቹን ጠባይ ከመተንተን ይልቅ በዚህች ቅንጣት ይለያቸዋል፦ አንዱ በብርሃኑ በኩል ቀርቷል፣ ሌላው ወደ ጨለማው አንድ እግሩን አስገብቷል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ባቡር ካርኒቫል ጭኖ ከተማዋ ዳር ይደርሳል። ከድንኳኖቹ መሐል የእንጨት ፈረሶች የተደረደሩበት መሽከርከሪያ አለ። ወደፊት ሲዞር በእያንዳንዱ ዙር የተሳፋሪው ዕድሜ በአንድ ዓመት ይጨምራል፤ ወደኋላ ሲዞር በአንድ ዓመት ይቀንሳል፣ የእንፋሎት ኦርጋኑም የሾፓንን የቀብር ማርሽ ገልብጦ ይጫወታል።

የመጽሐፉ ሙያ ሁሉ ያለው እዚህ ዕቃ ላይ ነው። ጂም ቶሎ ማደግ ይፈልጋል፤ የሚያየው ወደፊት የሚዞረውን ነው። የዊል አባት ቻርልስ 54 ዓመቱ ነው፤ በቤተ መጻሕፍት ጽዳት ይሠራል፣ ዘግይቶ በመውለዱም ከልጁ ጋር መሮጥ አቅቶት ይብሰለሰላል። እሱን የሚጠራው ወደኋላ የሚዞረው ነው። ወጣቱ አንባቢ ከጂም ጋር ይፈተናል፣ አዋቂው ከቻርልስ ጋር። «እደግ ተመንደግ» ተብለን የተመረቅነው በረከት እዚህ ወጥመድ ሆኖ ይመጣል። ካርኒቫሉ በግድ ጎትቶ የሚወስደው የለም፤ የሚሳፈረው ሰው ትኬቱን በገዛ ምኞቱ ነው የሚቆርጠው።

የሚስ ፎሌይን ዕጣ ተመልከቱ። የልጆቹ መምህር ናት፤ ወጣትነቷን ስትናፍቅ ኖራለች። ብራድበሪ መሽከርከሪያው ላይ ስትወጣ አያሳየንም። ዊልና ጂም ዛፍ ሥር ተቀምጣ የምታለቅስ ትንሽ ልጅ ያገኛሉ፤ ቀስ በቀስም ማን እንደሆነች ይገባቸዋል። የተመኘችውን አግኝታለች፤ ነገር ግን ቤቷ ልግባ ብትል ማንም አያምናትም። ደም የለ፣ ጩኸት የለ። ልጅ አንባቢ የሚፈራው ብቻዋን መቅረቷን ነው፤ አዋቂው ደግሞ የራሱ ምኞት እንዲህ ቢፈጸምለት ምን እንደሚውጠው ያስባል።

ሌላው ትዕይንት ከእግረኛ መንገድ ሥር ነው። ልጆቹ ከብረት ፍርግርግ በታች ተደብቀዋል፤ ከበላያቸው የካርኒቫሉ ባለቤት ሚስተር ዳርክ መዳፎቹን ዘርግቶ የተነቀሱበትን ሁለት ፊቶች ለቻርልስ ያሳያል። ፊቶቹ የዊልና የጂም ናቸው። አባትየው የሐሰት ስም ይሰጠዋል። እኛ ከልጆቹ ጋር ታች ሆነን እንሰማለን፤ ሸክሙ ግን ያለው ላይ፣ ድምፁ እንዳይንቀጠቀጥ በሚታገለው አባት ላይ ነው። ሁለቱን አንባቢዎች በአንድ ፍርግርግ ከላይና ከታች ማስቀመጥ ትልቅ ብልሃት ነው።

እንከን የለውም አይባልም። ብራድበሪ ምሳሌ በምሳሌ ላይ ይደርባል፤ አንዳንዱ ገጽ ከጌጥ ብዛት ያደክማል። መጽሐፉ መጀመሪያ ለፊልም ተዋናዩ ለጂን ኬሊ የቀረበ የፊልም ጽሑፍ ነበር፤ ገንዘብ ሳይገኝለት ቀርቶ ወደ ልቦለድ ዞረ። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም ድምፅና ብርሃን ከሐሳብ ቀድመው የሚመጡት። መጨረሻው ላይ ክፋትን ሳቅ ማሸነፉም ለአንዳንዱ አንባቢ ሊቀልበት ይችላል። ዳሩ ግን ቻርልስ በካርኒቫሉ መስታወቶች መሐል እርጅናውን ፊት ለፊት አይቶ እሺ ብሎ ከተቀበለ በኋላ የሚስቀው ሳቅ ድንገት የመጣ መፍትሔ አይደለም። ካርኒቫሉ የሚነግደው በዕድሜ ፍርሃት ነው፤ ዕድሜውን የተቀበለ ሰው ላይ ገበያ የለውም።

እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ ቀስ ብለው ያንብቡት። አሥራ ሦስት ወይም አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ካለዎት መጽሐፉን ተቀባበሉት፤ ሲጨርስም የትኛው ቦታ እንዳስፈራው ይጠይቁት። መልሱ ከእርስዎ የተለየ ከሆነ ብራድበሪ ሥራውን በትክክል ሠርቷል።