ጀግናው አያታችን ቤት ውስጥ እንዴት ነበሩ?

ወደዚህ መጽሔት ከሚላኩት የቤተሰብ ትረካዎች ብዙዎቹ አንድ መልክ አላቸው። አያት ዘመቱ፣ ቆሰሉ፣ ሜዳሊያ ይዘው ተመለሱ፤ ከዚያ ጌታን አገኙና ሰላም ሆነ። ጦርነቱ ሁለት መስመር ይሰጠዋል፤ ከጦርነቱ በኋላ ቤተሰቡ ያሳለፈው ዕድሜ ደግሞ ምንም። ሌሊት እየጮኹ የሚነቁት፣ ርችት ሲተኮስ የሚደነግጡት፣ ልጆቻቸውን ያለ ልክ የሚገርፉት አያት ወረቀቱ ላይ አይደርሱም። ከኮሪያ እስከ ኦጋዴን፣ ከኤርትራ ተራሮች እስከ ቅርቡ የሰሜን ጦርነት ድረስ ዘማች ያልወጣበት ቤት ስንት ነው? የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» (የጥላው ንጉሥ) ወጣቶቻችን እንዲያነቡት የምፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ልብ ወለዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በ2019 እ.ኤ.አ. ታተመ፤ በዓመቱም ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የሚተርከው በ1928 ዓ.ም. ስለ ጀመረው የጣልያን ወረራ ነው። በውስጡ ከደራሲዋ ቤት የወጣ ታሪክ አለ። ከየቤቱ የበኩር ልጅ ይዝመት ሲባል የቅድመ አያቷ አባት ጠመንጃቸውን ለልጃቸው ባል ሰጡ። በኩሯ ግን እሳቸው ነበሩና አባታቸውን ከሰው ረቱ፤ ጠመንጃውንም ተረክበው ዘመቱ። መዓዛ ይህን ከእናቷ የሰማችው ስለ ጦርነቱ ብዙ ዓመት ከመረመረች በኋላ ነው። ከቤተ መዛግብት ፈልጋ ያላገኘችው እናቷ ዘንድ ተቀምጦ ነበር!

እንዲህ ያለ ታሪክ እጁ የገባ ደራሲ ውዳሴ ቢጽፍ ማን ይፈርድበታል? መዓዛ ግን ሒሩት የምትባል ወላጅ አልባ የቤት ሠራተኛ ፈጠረች። ሒሩት ከአባቷ የቀራት አንድ ውጅግራ ነው፤ እሱንም የቤቱ ጌታ ኪዳኔ ለጦርነቱ ይወስድባታል። ኪዳኔ ፈሪ ወይም ባንዳ አይደለም። ሠራዊት ይመራል፣ ለአገሩ ይዋጋል፣ ተከታዮቹም ይወዱታል። ይኸው ሰው ሒሩትን ይደፍራታል። ደራሲዋ ጀግንነቱን ለበደሉ ማካካሻ አታደርገውም፤ በደሉን ጠቅሳም ጀግንነቱን አትሰርዝም። ሁለቱንም በአንድ ሰው ላይ ታስቀምጣቸዋለች። መጽሐፉ ከብዙ የአርበኞች ትረካ የሚበልጠው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ይህ አጻጻፍ ለእኛ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። በ2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 23 የዳዊት ኃያላን ስም ተዘርዝሯል። የትኛውም ቤተ መንግሥት ሊያስጽፈው የሚወድ የክብር መዝገብ ነው። የመጨረሻውን ስም ግን ተመልከቱ፤ ኬጢያዊው ኦርዮ ነው! ዳዊት ሚስቱን ወስዶ በጦር ግንባር ያስገደለው ታማኝ ወታደር። ጸሐፊው ስሙን ቢዘለው ማንም ባልጠየቀው። ጽፎታል። እኛ ግን ስለ አያቶቻችን ስንጽፍ ዝርዝሩን ኦርዮ ጋ ሳንደርስ እንዘጋዋለን። ምስክርነታችንን የሚያሳጥረው ይሄ ነው፤ ጌታ ምን እንደ ማረ ሳይታወቅ ምሕረቱ ብቻ ይነገራል።

ስለ ጦርነቱ ትዝታም ደራሲዋ በጣም ተጠንቅቃለች። ትረካው የሚከፈተው በ1966 ዓ.ም. በአብዮቱ ሰሞን፣ አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ነው። ሒሩት ፎቶግራፍ የሞላበት ሣጥን ይዛ ተቀምጣለች። ፎቶዎቹን ያነሣው ኤቶሬ የሚባል ጣልያናዊ ወታደር ነው፤ በምርኮ ሳለች እሷንም አንሥቷታል። ስንት ዓመት አልፎ፣ አገሩ መልኩን ሊለውጥ ተቃርቦ፣ ጦርነቱ ግን እሷ ዘንድ አላለቀም። ኤቶሬም ቢሆን ያለ ቤተሰብ አልተሣለም። አይሁዳዊ አባቱ ያለፈ ሕይወታቸውን የደበቁት ሰው ናቸው፤ ልጁም በማያውቀው ነገር ተቀርጿል። ዝምታን የሚወርሰው የተሸናፊው ልጅ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየችበት ክፍል ስለሆነ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። እንደ መዘምራን በአንድ ድምፅ የሚናገረው ኅብረት አንዳንዴ ሥቃዩን ያስውበዋል፤ ቋንቋው በጣም ሲያምር ሒሩት ከዓይናችን ትጠፋለች። ምንም የተባለው ምስኪን ሙዚቀኛ ንጉሡን መስሎ ሠራዊቱን የሚያጽናናበት ታሪክ ለመጽሐፉ ስሙን የሰጠ ቢሆንም፣ ከሒሩትና ከውጅግራዋ ታሪክ አንጻር ቀጭን ነው። ስለ ይቅርታ ግን ከደራሲዋ ጋር ነኝ። በኅብረታችን ብንወያይበት «ይቅር ብላ ትርሳው» የሚል ድምፅ ገና ከመጀመሪያው እንደሚነሣ እገምታለሁ። መዓዛ አትቸኩልም፤ ሒሩት ያየችውን ሳንሰማ እንድንፈርድላት አትፈቅድልንም።

የኪዳኔና የሒሩት ገጾች ስለሚከብዱ ለታዳጊዎች ክፍል አላቀርበውም። በትልልቆቹ ኅብረት ግን የባቡር ጣቢያውን መክፈቻ አንድ ሰው በአማርኛ እየመለሰ ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ ከዚያም ዘማች የነበሩ አባትና እናት ካሉ ተጋብዘው አብረው ቢሰሙ ጥሩ ጅምር ይሆናል።