«ሃን» ስለሚባለው የኮሪያ ቃል

ስለ ኮሪያ ሕዝብ ጠባይ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች «ሃን» የሚለውን ቃል ሳያነሡ አያልፉም። «የሕዝቡ ጥንታዊ የኀዘን መንፈስ ነው፤ በሌላ ቋንቋ አይተረጐምም» ይላሉ። በበኩሌ ይህ አባባል ምርመራ የሚያስፈልገው ይመስለኛል።

አስቀድሞ ስለ አጻጻፉ። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሳወጀው ፊደል፣ ቃሉ በሦስት ምልክቶች አንድነት ይጻፋል። ሲነበብም «ን» አይጠብቅም። ነገር ግን «አንድ» የሚለው ቅጽልና የአገሪቱ ስም የሆነው «ሃን» በዚሁ መልክ ይጻፋሉ። የኀዘኑን «ሃን» ከአገሩ ስም ለይቶ የሚያሳየው የቻይና ምልክት ነው፤ እርሱም ዛሬ በዘወትር ጽሑፍ እምብዛም አይገባም። እኛ ፀሐይ «ሠረቀ»ንና ሌባ «ሰረቀ»ን በፊደል እንደምንለይ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከድምፁ መመሳሰል ተነሥቶ አገሩንና ኀዘኑን አንድ ማድረግ ስሕተት ነው።

ቃሉ ከቻይና የተወሰደ ነው። በዛሬው ቻይንኛ ይበልጡን ጥላቻን ያመለክታል። በኮሪያ ግን በደል ደርሶበት ፍርድ ያላገኘ ሰው በልቡ የሚያኖረው ስሜት ነው። «ሃን ተቋጠረ»፣ «ሃን ተፈታ» ይባላል። «ቂም ቋጠረ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሆኖም ቂም ባለዕዳውን ይፈልጋል፤ ሃን ግን ያለ ጠላትም ይኖራል። ሳይማር የቀረ ኮሪያዊ አለመማሩን «ሃን ነው» ይላል፤ ይህ የእኛ ቍጭት ነው። እንግዲህ ቃሉ ይተረጐማል፤ የሚያስፈልገው እንደ አገባቡ አንዴ ቂም፣ አንዴ ቍጭት ማለት ነው።

ጥንታዊ ስለ መባሉም፣ ቃሉ አሮጌ ቢሆንም የሕዝብ ጠባይ መለያ የሆነው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 በገዛችበት ዘመን፣ ያናጊ ሙነዮሺ የተባለው ጃፓናዊ በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ የኮሪያን ጥበብ ውበት ከኀዘን ጋር አያያዘው። ሰውየው የኮሪያ ወዳጅ ነበር፤ የሴኡል ጓንግሃሙን በር እንዳይፈርስ ተከራክሯል። ነገር ግን ኀዘን የሕዝብ ተፈጥሮ ነው ከተባለ፣ ያሳዘነው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። ኮሪያውያን ራሳቸው ሃን ይፈታል ካሉ፣ ተፈጥሮ ነው ብለን የምንደመድም እኛ ማን ነን?