ከፎቶው ጋር የሚጻፈው

ለፎቶ አንሺ በሰሜን ተራሮች ያለው ጃናሞራ ሙዚየምም የዕፅዋት ማዕከልም ነው። ሙዚየሙ ደረስጌ ማርያም ናት፤ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ያሠሯት፣ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉም በየካቲት 1847 ዓ.ም. ውቤን ድል አድርገው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን። የዕፅዋቱ ማዕከል ከጨነቅ እስከ ቧሂት ያለው፣ ጅብራና ጓሳ የለበሰው ውርጫማ ምድር ነው።

ሁለቱን አንድ ሰው ያገናኛቸዋል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1829 ዓ.ም. ግድም ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በውቤ ግዛት ኖረ፤ በደረስጌ ግንባታም እጁ አለበት። ከሰሜን ተራሮች የሰበሰባቸው የደረቁ ዕፅዋት ዛሬም በአውሮፓ ተቋማት ይጠናሉ። ያስከበራቸው ቅጠሉ ብቻ ሳይሆን አብሮ የተጻፈው ቦታና ቀን ነው። ፎቶም እንዲሁ ይመስለኛል፤ የትና መቼ እንደተነሣ ካልታወቀ ከጌጥነት አያልፍም።

ስለዚህ ጅብራን ሳነሣ በአንድ ፎቶ አልረካም። መጀመሪያ ተክሉን ከነገደሉ፣ ቁመቱ እንዲታወቅ አጠገቡ ሰው አቁሜ አነሣለሁ፤ ቀጥሎ የቅጠሉን አደራደር፣ በመጨረሻም አበባውን። ቅጠሉ ሌሊት ከውርጭ ለመከላከል ስለሚከደን ማልዶ መድረስ ይጠቅማል፤ የቀትር ፀሐይ ደግሞ መልኩን ያጠፋዋል። ጅብራ ለዓመታት አድጎ አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታልና የአበባው ፎቶ ቀኑ ሊጻፍለት ግድ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅድሚያ የቄሰ ገበዙ ፈቃድ ነው። ፍላሽ ጸሎተኛውን ይረብሻል፣ የጥንት ቀለምንም አይጠቅምም፤ ስለዚህ አይኤስኦውን ከፍ አድርጌ፣ ትንፋሼን ይዤ አነሣለሁ። መጀመሪያ ግድግዳውን በሙሉ፣ ከዚያ አንዱን ፊት። ሥዕሉ የማን እንደሆነ ካህኑ ሲነግሩኝ እዚያው እጽፋለሁ።

ከጉዞው ተመልሼ ደባርቅ ከተማ ስገባ ከእንቅልፍ በፊት ለየፎቶው ስም፣ ቦታ፣ ከፍታና ቀን እጽፍለታለሁ። ድካም የሚያስዘልለው ሥራ ቢሆንም ትልቁ ሥራ እሱ ነው። ተመራማሪዎች በሰሜን ተራሮች የአስታ ዛፍ ደን ሽቅብ መውጣቱን ካወቁባቸው መንገዶች አንዱ የቆዩ ፎቶዎችን ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ነው። የእኛም ፎቶ ለልጅ ልጆቻችን ማስረጃ እንዲሆን፣ የቆምንበትን ቦታና ቀን እንጻፍለት።