ሸክላውን የቀረጸው ማን ነው? የጥንቱ ጃዝና ብሉዝ ሰብሳቢዎችና ቀራጮች

ስለ ጥንቱ ጃዝና ብሉዝ በሚጻፉ ትዝታዎች ውስጥ ጀግናው ብዙውን ጊዜ ሸክላ ሰብሳቢው ነው። በአሜሪካ ደቡብ ከቤት ቤት እየዞረ፣ አሮጌ ሸክላ በርካሽ እየገዛ፣ ሊጠፋ የነበረ ሙዚቃ አተረፈ ይባልለታል። ውለታው ሐሰት አይደለም። ፓራማውንት የተባለው ኩባንያ በ1932 ቀረጻ ካቆመ በኋላ የማተሚያ ብረቶቹ በአብዛኛው ስለጠፉ፣ ዛሬ የብሉዝ ጊታረኛውን ቻርሊ ፓተንን የምንሰማው ሰብሳቢዎች ካቆዩዋቸው የተፋፋቁ ሸክላዎች ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን ምስጋናው ከልክ አልፎ ሌላ ሙያ ጋርዷል። ሙዚቀኞቹ የት ይቁሙ፣ ምን ያህል ይጫወቱ፣ ምን ይከፈላቸው ብሎ የወሰነው ቀራጭ ስሙ ብዙም አይነሳም። እኔ የምሞግተው የጃዝን ድምፅ በመሥራት ረገድ የዚህ ሰው ድርሻ ከሙዚቀኛው ቀጥሎ ሊቆጠር ይገባል ብዬ ነው።

ማስረጃዬን ከከበሮ እጀምራለሁ። በኤፕሪል 1923 የኪንግ ኦሊቨር ክሪዮል ጃዝ ባንድ ከቺካጎ ወደ ሪችመንድ፣ ኢንዲያና ተጉዞ በጄኔት ኩባንያ ስቱዲዮ ተቀረጸ። ስቱዲዮው ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ስለነበር ባቡር ሲያልፍ ቀረጻው ይቋረጣል። ማይክሮፎን ገና አልገባም፤ የኤሌክትሪክ ቀረጻ የተስፋፋው ከ1925 ወዲህ ነው። ሙዚቀኞቹ የሚጫወቱት ቀንድ በመሰለ ቱቦ ፊት ቆመው ነው፤ ድምፁ በቱቦው ገብቶ መርፌዋን ያንቀጠቅጣል፣ መርፌዋም ሰሙን ትቦረቡራለች። የድምፁን መጠን የሚያስተካክል መሣሪያ ስለሌለ ቀራጩ በእጁ ያለው ርቀት ብቻ ነው፤ አንዱን ያስጠጋል፣ ሌላውን ያርቃል። ወጣቱ ሉዊ አርምስትሮንግ በኮርኔቱ ኦሊቨርን እንዳይውጠው ከሌሎቹ ራቅ ብሎ እንዲቆም ተደረገ። የቤቢ ዶድስ ትልቁ ከበሮ መርፌዋን ያዘልላታል ተብሎ ስለተፈራ፣ ዶድስ የእንጨት ብሎክ እየመታ እንዲያጅብ ሆነ። ባሲስቱ ቢል ጆንሰንም ባንጆ ይዞ ተቀረጸ።

በዚያ ቀረጻ የተሠራውን «ዲፐርማውዝ ብሉዝ»ን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ውጤቱን አያጣውም። የጆኒ ዶድስ ክላርኔት ጆሮ ሥር ይጮኻል፤ ወፍራሙ ድምፅ ግን ከሥሩ የለም። ባንዱን ወደፊት የሚገፋው ምት ሳስቶ ደረቅ ኳኳታ ሆኗል። ይህ ዶድስ ያደገበት የኒው ኦርሊንስ አመታት አይደለም፤ የሰሙና የመርፌዋ አቅም ያን ያህል ስለነበር ነው። ሆኖም በ1940ዎቹ የጥንቱን ጃዝ እንመልስ ብለው የተነሱ ባንዶች፣ የሳን ፍራንሲስኮው የሉ ዋተርስ ባንድ አንዱ ነው፣ ሙዚቃውን ከእነዚህ ሸክላዎች ሲማሩ የእንጨት ብሎኩንም አብረው ወረሱት። ማይክሮፎን በሞላበት ዘመን፣ ከመርፌ ችግር የመጣ አመታት እንደ ወግ ተጠበቀ። ሸክላን ያለ ቀራጩ የሚያዳምጥ ሰው የሚወድቅበት ስሕተት ይህ ነው።

በ1944 ያው ቤቢ ዶድስ ኒው ኦርሊንስ በሚገኘው ሳን ጃሲንቶ አዳራሽ ከበሮው ፊት ተቀመጠ። ቀራጩ ቢል ራስል ነበር፤ አሜሪካን ሚውዚክ የተባለው ትንሹ የሸክላ ድርጅት ባለቤት። ራስል ራሱ ለምት መሣሪያዎች ሙዚቃ የሚደርስ ሰው ስለነበር የከበሮውን ነገር እንደ ዋዛ ያላየው በዚህ ይመስለኛል። የመረጠው ቦታ የዳንስ አዳራሽ እንጂ የታፈነ ስቱዲዮ አይደለም፤ ሰፊው ክፍል ድምፁን ተቀብሎ ይመልሰዋል። 12 ኢንች ዲስክ በመጠቀሙም ከተለመደው የ3 ደቂቃ ገደብ አልፎ፣ ባንዱ ዜማውን አሙቆ የሚጨርስበት ጊዜ ሰጠው። በእነዚህ ቀረጻዎች ዶድስ ትልቁን ከበሮ በእግሩ ይረግጣል፤ ከጆርጅ ሉዊስ ክላርኔት ሥር ስኔሩን ያንከባልላል፤ ጂም ሮቢንሰን በትሮምቦኑ ሲገባ ምቱን ይለውጥለታል። በ1923 የታፈነው ሰው ከ21 ዓመት በኋላ ሙሉ ሆኖ ተሰማ። በእኔ ግምገማ በጥንቱ ጃዝ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ የቀረጻ ሥራ የለም።

ራስል እንከን የለበትም ማለት አይደለም። እሱም ሰብሳቢ ነበርና የድሮውን ማሳደዱ አንዳንዴ ሙዚቀኛውን ያስረው ነበር። መለከተኛው ባንክ ጆንሰን ኒው አይቤሪያ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ጥርሱ አልቆ፣ መጫወት አቁሞ ሲኖር ራስልና ጓደኞቹ ጥርስ አስገብተውለት ወደ ሙዚቃ መለሱት። ጆንሰን ግን በኖታ የተጻፈ ራግታይምና የዘመኑን ተወዳጅ ዘፈን መጫወትም ያምረው ነበር። ይህ ፍላጎቱ በግልጽ የታየው በ1947 ሃሮልድ ድሮብ ኒው ዮርክ ላይ ባስቀረጸው የመጨረሻ ሥራው ነው፤ እዚያ ተጫዋቾቹንም ዜማዎቹንም የመረጠው ራሱ ጆንሰን ነው።

ብሉዙ ላይ ሲደረስ የሰብሳቢዎቹ ጥፋት ይከፋል። ገበያውን የከፈቱት ሴቶች ናቸው፤ የማሚ ስሚዝ «ክሬዚ ብሉዝ» በ1920 ተቀርጾ በገፍ ተሸጠ፣ ማ ሬኒና ቤሲ ስሚዝ ተከተሉ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ብዙዎቹ የብሉዝ ሰብሳቢዎች ግን በብዛት የተሸጠውን ሸክላ ንቀው፣ ጥቂት ቅጂ ብቻ የቀረለትን ብቸኛ ጊታረኛ አነገሡ። ገበያ ላይ መውደቅ የጥበብ ማረጋገጫ ሆነ። ይህ የንብረት ቆጠራ እንጂ ሂስ ሊባል አይችልም። ፓተን ታላቅ ነው፤ ታላቅነቱ ግን ሸክላው ስላነሰ የመጣ አይደለም።

ክሪስ ስትራክዊትዝ ዕድሜ ልኩን ሸክላ ሲሰበስብ የኖረ ቢሆንም በዚህ አላበቃም። በ1960 አርሁሊ የተባለውን ድርጅት አቋቁሞ፣ ጊታረኛውን ማንስ ሊፕስኮምን ናቫሶታ፣ ቴክሳስ ቤቱ ድረስ ሄዶ ቀረጸው። ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 የብሉዝ ጊታረኛውን የፍሬድ ማክዳውልን «ዩ ጋታ ሙቭ» ባወጡ ጊዜ፣ ለማክዳውል የሚገባው ገንዘብ እንዲደርሰው ታግሎ አስከፍሏል። የ1920ዎቹ የብሉዝ ዘፋኞች ብዙውን ጊዜ የቁርጥ ክፍያቸውን ተቀብለው ይሰናበቱ እንደነበር ለሚያውቅ፣ ይህ ሥራ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ከቀረ ሸክላ ይበልጣል።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 የሀገር ፍቅርን የሸክላ ሞኖፖል ተዳፍሮ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያሳተማቸው ህንድ ልኮ ነው። ከዓመታት በኋላ ኢትዮጲክስ የተባለው ተከታታይ ያንን ሙዚቃ ለዓለም ሲያዳርስ ውዳሴው ይበልጡን ለአሰባሳቢው ለፍራንሲስ ፋልሴቶ ሆነ። ፋልሴቶ የአምሃን ስም አልደበቀም፤ ጉድለቱ የእኛ የሃያሲዎቹ ነው። በዚያ ዘመን ቀረጻ ዘፋኙ ከማይክሮፎኑ በምን ያህል ይርቅ እንደነበር፣ ነፋሾቹ የት ይቆሙ እንደነበር፣ አንድ ዘፈን ስንት ጊዜ ይደገም እንደነበር፣ ለባንዱ ምን ይከፈል እንደነበር በዝርዝር ካልጠየቅን ስለዚያ ድምፅ የምንጽፈው አድናቆት ሆኖ ይቀራል። አምሃም፣ ከእሱ ጋር የሠራው ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴም በ2021 አርፈዋል። የዚያ ዘመን የባንድ ተጫዋቾች በሕይወት ሳሉ ይህን መጠየቅ የሙዚቃ አጥኚዎቻችን የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት።