ኮዳክ ካሜራውን ደብቆ ነው የከሰረው?

«ኮዳክ ዲጂታል ካሜራን ፈልስፎ ደበቀው፤ ስለዚህ ከሰረ።» ይህን ታሪክ ከአነቃቂ ንግግር አቅራቢዎች ሳትሰሙ አትቀሩም። ይጣፍጣል፤ ግን ዋናውን ነገር ይዘልላል።

መነሻው እውነት ነው። የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቭ ሳሰን በ1975 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የሠራው ካሜራ 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበታል። የሚዘለለው ቀጣዩ ነው፦ በ2005 ኮዳክ አሜሪካ ውስጥ በዲጂታል ካሜራ ሽያጭ አንደኛ ነበር! በዚያው ዓመት ደግሞ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰረ። ኪሳራው ሁሉ ከካሜራው የመጣ አይደለም፤ የፊልም ሥራውን የመቀነስ ወጪም አለበት። ቢሆንም አንደኝነቱ አላዳነውም፤ በ2012 ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ፍለጋ ፍርድ ቤት ገባ።

እንዴት? እስኪ ሰንበቴ የእሑድ ገበያ እንሂድ። ሁለት ነጋዴዎች የእጅ ባትሪ ይሸጣሉ እንበል። አንዱ 100 ሸጦ በእያንዳንዱ 5 ብር ይከስራል። ሌላው 20 ብቻ ሸጦ በእያንዳንዱ 30 ብር ያተርፋል። የገበያው ትልቅ ድርሻ የመጀመሪያው ነው፤ 600 ብር አትርፎ ቤቱ የሚገባው ግን ሁለተኛው።

የመጀመሪያው ሞኝ ነው አትበሉ ታዲያ። የባትሪ ድንጋዩን የሚሸጠው እሱ ብቻ ከሆነ፣ ገዢው እየተመላለሰ ኪሳራውን ይክስለታል። ኮዳክ ለዘመናት የኖረው እንዲህ ነው፤ ካሜራው ርካሽ፣ ትርፉ ከፊልሙ፣ ከማጠቢያው ኬሚካልና ከወረቀቱ። ዲጂታል ሲመጣ ድንጋይ የማይፈልግ ባትሪ መጣ ማለት ነው።

እኔን እንደ መሐንዲስ የሚገርመኝ ሌላው ነው። ባለቀለም ፊልም ከአሥር በላይ ስስ ንብርብሮች አሉት፤ እነሱን ሳያዛንፉ መቀባት የሚችሉ ኩባንያዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዲጂታል ካሜራን ግን ሴንሰሩንም ሌንሱንም ገዝቶ የሚገጣጥም ሁሉ ሊሸጠው ይችላል። ተፎካካሪ ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል፤ ትርፍም ይሳሳል። ኮዳክ ካሜራውን ቀደም ብሎ ቢያወጣውስ? ይህ ችግር የትም አይሄድም ነበር።

ከዚያ ስልክ መጣ። የጃፓን ካሜራ አምራቾች ማኅበር በሚይዘው መዝገብ፣ በ2010 ለገበያ የቀረበው ዲጂታል ካሜራ 121 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በ2023 ከ8 ሚሊዮን በታች ሆነ።

ከሚሴ ስልክ መሸጫ ስትገቡ ባለሱቁን ጠይቁት፦ ይበልጥ የሚያተርፍህ ስልኩ ነው ወይስ ከቨሩና ቻርጀሩ?