ካሳ ከቅጣት ዓላማ ውስጥ ለምን ቀረ?

የስዊሱ የሕግ ሊቅ ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁትና በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በመጀመሪያው አንቀጹ ዓላማውን ሲያስረዳ ሰዎችን አስቀድሞ ማስጠንቀቅ፣ ማስጠንቀቂያው ባልበቃ ጊዜም ጥፋተኛውን መቅጣትና ማረም ነው ይላል። በ1996 ዓ.ም. የተተካው የወንጀል ሕግም ከዚህ መንገድ አልወጣም። በሁለቱም አንቀጾች ውስጥ መንግሥት አለ፤ ነዋሪው አለ፤ ወንጀለኛውም አለ። የተበደለው ሰው ግን ለብቻው አልተነሣም። ትችታችን ከዚህ ይጀምራል።

«ካሳማ በአንቀጽ 101 ተደንግጓል» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እውነት ነው፤ ተበዳዩ የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አጣምሮ ለማቅረብ ይችላል። ነገር ግን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥነ ሥርዓት በአንቀጽ 155፣ ጥያቄው የወንጀሉን ነገር የሚያወሳስብ ወይም የሚያዘገይ ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንዳይቀበለው ደነገገ። አንድ ገበሬ የእርሻ በሬው ተሰርቆ፣ ሌባውም ሸጦ ገንዘቡን ቢበላው ምን እንደሚሆን እናስብ። (በሬ ጥማድ ስለ ሆነ አንዱ ሲጠፋ ሁለቱም እንደ ጠፉ ይቈጠራል።) ሌባው ተይዞ ይፈረድበታል። ገበሬው ለዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ሲመላለስ ከሥራው ይውላል፤ በመጨረሻም «ካሳህን በፍትሐ ብሔር ጠይቅ» ይባላል። ዳኝነት ከፍሎ ቢረታ እንኳ ባለዕዳው እስር ቤት ነው፤ ከምን ይከፍለዋል? መንግሥት ሕጉን አስከብሯል፤ መሬቱ ግን ጦሙን ያድራል።

ስለዚህ አንዳንዶች ወደ ሽምግልናና ወደ ደም ካሳ እንመለስ ይላሉ። ሽማግሌ ተበዳዩን ማስቀደሙ አይካድም። ሆኖም በጥንቱ ልማድ የደሙን ገንዘብ የሚቀበሉት የሟች ዘመዶች፣ የሚያዋጣውም ብዙ ጊዜ የገዳዩ ወገን ነው። ሴት ልጅ በተደፈረችበት ነገር ደግሞ ሽማግሌዎች አባትንና ወንድምን አስታርቀው ሲለያዩ፣ ልጅቱ ምን ይካስሽ ተብላ ሳትጠየቅ መቅረቷ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለው ዕርቅ የዘመድን ቂም ያበርድ ይሆናል፤ ተበዳይዋን ካሰ ለማለት ግን አንደፍርም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ባለጸጋው የሚነሣው ነው። አንቀጽ 82 ተጸጽቶ ጉዳቱን በተቻለው መጠን ለካሰ ጥፋተኛ ቅጣቱን ያቀልለታል፤ ካሳ የቅጣት ዓላማ ቢሆን ባለገንዘብ ሁሉ ነጻነቱን ይገዛል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ ተገቢ ነው። እኛ የምንጠይቀው ካሳው ከእስራቱ ጋር እንጂ በእስራቱ ፈንታ እንዲሆን አይደለም። ድኻው ከምን ይክፈል ለሚለውም አንቀጽ 102 መንገድ ጠቁሟል፤ ከመቀጮው፣ ከተወረሰው ዕቃ ሽያጭና ከጥፋተኛው የሥራ ፍሬ ለተበዳዩ እንዲሰጥ ፍርድ ቤቱ ሊያዝ ይችላል። «ሊያዝ ይችላል» የሚለው «ያዛል» ተብሎ ቢታረም፣ በአንደኛውም አንቀጽ ከመቅጣትና ከማረም ቀጥሎ «መካስ» የሚል ቃል ቢገባ፣ ዳኛው ባለበሬውን ወደ ሌላ ችሎት ከመላኩ በፊት ቢያንስ ምክንያቱን ለመጻፍ ይገደድ ነበር።