ዳኛው ልጅ ነው

የልጄ ክፍል ምኩራብ ሊጎበኝ ነው፣ አብሮ የሚሄድ ወላጅ ይፈለጋል የሚል ወረቀት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ቶሎ ብዬ ስሜን አስመዘገብኩ። በልጅነቴ ጎረቤታችን የነበሩት መሪጌታ ብራና ሲፍቁ፣ ብርዕ ሲቀርጹ፣ በወስፌ መስመር ሲያሰምሩ ደጃቸው ላይ ተቀምጬ እመለከት ነበር። ከዚያ ወዲህ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ያለበትን ቤት ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። አይሁድ ኦሪታቸውን እስከ ዛሬ በብራና ላይ በእጅ እንደሚጽፉ አውቃለሁ፤ በቅርብ አይቼው ግን አላውቅም ነበር።

የሄድንበት ምኩራብ ቤቪስ ማርክስ ይባላል። በለንደን ሲቲ፣ ሰማይ ጠቀስ የመስታወት ሕንፃዎች በከበቡት ሰፈር፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ ፊቱን ወደ ግቢ አዙሮ የተቀመጠ የቀይ ጡብ ቤት ነው። ያሠሩት ዘራቸው ከስፔንና ከፖርቱጋል የተሰደደ አይሁድ ናቸው። የተከፈተው በ1701 እ.ኤ.አ. ሲሆን ዛሬም ጸሎት ይደረስበታል። ብሪታንያ ውስጥ ይህን ያህል ዘመን ሳያቋርጥ ያገለገለ ሌላ ምኩራብ የለም።

በሩ ላይ ለወንዶቹ ልጆች ትንንሽ ቆብ ታደለ። መንገዱን ሙሉ ሲንጫጩ የመጡት የሰባትና የስምንት ዓመት ልጆች ደፉን ሲያልፉ ጸጥ አሉ። ጸጥ ያሰኛቸው ብርሃኑ ይመስለኛል። መስኮቶቹ ረጃጅምና ከላይ ቅስት ናቸው፤ መስታወታቸው ቀለም ስለሌለው የቀኑ ብርሃን እንዳለ ይገባና ከጣሪያው በተንጠለጠሉት ሰባት የነሐስ መቅረዞች ላይ ያርፋል። ሰባቱ የሳምንቱ ቀናት ምሳሌ ናቸው። ትልቁ ከአምስተርዳም አይሁድ የመጣ ስጦታ ነው። የአንዱን መቅረዝ ክንድ በዓይኔ ተከተልኩት፦ ከግንዱ ይወጣል፣ ወደ ታች ይጎብጣል፣ ከዚያ ቀና ብሎ ሻማውን ይሸከማል። ከግርጌው ያለው ድቡልቡል ነሐስ በክብደቱ መቅረዙን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ በልስላሴው ደግሞ መስኮቱንም፣ ወንበሩንም፣ አንጋጠው የሚያዩትን ልጆችም አጥፎ መልሶ ያሳያል። እነዚህ መቅረዞች ዛሬም በበዓልና በሠርግ ቀን በሻማ ይበራሉ።

በምሥራቅ በኩል የኦሪት ጥቅልሎቹ የሚቀመጡበት ትልቅ ቁም ሣጥን አለ። የዚህ ምኩራብ ሰዎች «ሄኻል» ይሉታል፤ ግዕዙም መቅደስን «ሃይከል» ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ዓምዶቹ እብነ በረድ ናቸው። ጠጋ ስል ግን የኦክ እንጨት ሆኖ አገኘሁት። ሠዓሊው የድንጋዩን ሥር በብሩሽ አንድ በአንድ ስሎበታል፤ አንዱ ሥር ይወፍራል፣ ይቀጥናል፣ ከሌላው ጋር ተገናኝቶ ይጠፋል። ከላይ አሥርቱ ትእዛዛት በዕብራይስጥ ተጽፈዋል፤ በቤቱ ውስጥም የትእዛዛቱን ቁጥር የሚያስታውሱ አሥር ትልልቅ መቅረዞች ቆመዋል። የሴቶቹን ሰገነት የተሸከሙት ዓምዶችም አሥራ ሁለት ናቸው፣ በነገደ እስራኤል ቁጥር። ልጆቹ እየቆጠሩ ሲሄዱ ቤቱ ራሱ የሒሳብ መምህር ሆነላቸው።

ሕንፃውን በ1699 እ.ኤ.አ. በ2,650 ፓውንድ የተዋዋለው ጆሴፍ አቪስ የሚባል አናጺ ነው። አቪስ አይሁዳዊ አልነበረም፤ ኩዌከር የሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበር። ከእግዚአብሔር ቤት ማትረፍ አልፈልግም ብሎ የተረፈውን ገንዘብ መለሰ ይባላል። የእንጨቱን መገጣጠሚያ በጣቴ ስዳስስ ሰው ይህን ታሪክ ለምን ወዶ እንዳቆየው ገባኝ። ከኋላ በኩል መደገፊያ የሌላቸው አግዳሚ ወንበሮች አሉ። እነሱ ከሕንፃው ይቀድማሉ፤ ማኅበሩ በ1657 እ.ኤ.አ. ከሚጸልይበት ከቀድሞው ቤት የመጡ ናቸው። ልጆቹ በእነዚያ ወንበሮች አጠገብ ሲያልፉ አንዱ ልጅ «ጀርባቸውን አያማቸውም ነበር?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚዋ «ያማቸው ይሆናል፤ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም» አለችው።

ከዚህ በኋላ ነው የመጣሁበት ነገር የመጣው። አስጎብኚዋ ሁላችንንም በጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበችና ፊደሉ ከመደብዘዙ የተነሳ ለጸሎት የማይነበብ፣ ለማስተማሪያ የተቀመጠ የኦሪት ጥቅልል አቅፋ አመጣች። እንደ ሕፃን ነው የታቀፈችው። ጥቅልሉ የሐር ካባ ለብሷል፤ በሁለቱ የእንጨት ዘንጎች ጫፍ ላይ የብር ጌጥ ተሰክቶበታል፤ ስትራመድ በጌጡ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቃጭሎች ይንሿሿሉ። ጌጡ «ሪሞኒም» ይባላል፣ ሮማኖች ማለት ነው። ቃሉ ከእኛው ሮማን ጋር አንድ ነው። የብር አንጥረኛው አውራ ጣት በምታህል ቦታ ላይ ቅጠል፣ አበባና ቀዳዳ ጌጥ ፈልፍሏል። ከጎኑ በሰንሰለት የተንጠለጠለው ቀጭን የብር ዘንግ ጫፉ ላይ ትንሽ እጅ አለው፤ አመልካች ጣቱ ተዘርግቷል። ስሙ «ያድ» ነው፤ በግዕዝ «እድ»፣ እጅ ማለት ነው። አንባቢው መስመሩን የሚከተለው በዚህ ነው፤ ብራናው በጣት አይነካምና።

ካባው ወለቀ፤ ጥቅልሉ ተዘረጋ። ጎንበስ ብዬ አየሁት።

መጀመሪያ ያየሁት መስመሮቹን ነው። ቀለም የላቸውም። ጸሐፊው በሹል ነገር ብራናውን ጫር አድርጎ ብቻ ያሰመራቸው ናቸው፤ ብርሃን ከጎን ሲመጣ እንደ ቀጭን ጥላ ይታያሉ። መሪጌታም እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። ፊደላቱ በመስመሩ ላይ አይቀመጡም፤ እንደታጠበ ልብስ ከመስመሩ ላይ ተንጠልጥለው ወደ ታች ይወርዳሉ። የዓምዱ ጠርዝ በግራም በቀኝም ቀጥ ያለ ነው፤ ቃሉ ሲያጥርበት ጸሐፊው የመጨረሻውን ፊደል ጣሪያ ጎተት አድርጎ ቦታውን ይሞላል። ብራናዎቹ የተሰፉት በጅማት ነው፤ ስፌቱ ከኋላ እንጂ ከፊት ጎልቶ አይታይም።

ቀለሙ በኦክ ዛፍ ላይ ከሚያብጠው ፍሬ መሰል እባጭ፣ ከግራር ሙጫና ከብረት ጨው የተዘጋጀ ነው። የመሪጌታ ቀለም ከጥቀርሻና ከአረረ እህል ነበር፤ ሽታው ዛሬም ትዝ ይለኛል። ብርዑ የዝይ ላባ ወይም መቃ ይሆናል። ጸሐፊው እያንዳንዱን ቃል ከመጻፉ በፊት ድምፁን አውጥቶ ይለዋል። የፈጣሪን ስም ሊጽፍ ሲል ቆም ብሎ ለዚያ ስም ቅድስና እንደሚጽፍ በአፉ ይናገራል። ሌላ ቃል ቢሳሳት በቢላዋ ፍቆ ያርመዋል፤ ያን ስም ግን ከተጻፈ በኋላ ማጥፋት አይፈቀድለትም።

በመላው ኦሪት 304,805 ፊደላት አሉ። አንዷ ብትጎድል ጥቅልሉ እስኪታረም ድረስ አይነበብበትም። ሁለት ፊደላት ከተነካኩም እንዲሁ፤ እያንዳንዱ ፊደል ዙሪያውን በባዶ ብራና መከበብ አለበት። ይህን ስሰማ ዓይኔ ከጥቁሩ ወደ ነጩ ዞረ። በፊደልና በፊደል መካከል የፀጉር ያህል፣ በቃልና በቃል መካከል የአንዲት ትንሽ ፊደል ያህል፣ በመጽሐፍና በመጽሐፍ መካከል የአራት መስመር ያህል ባዶ ቦታ አለ። የሰው እጅ ይህን ሁሉ ክፍተት ለአንድ ዓመትና ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ቀን በቀን ሳይዛነፍ ጠብቋል።

በሰባት ዓይነት ፊደላት ራስ ላይ ሦስት ሦስት ጭረት አለች፤ ዘውድ ይሏታል። ታልሙድ የሚባለው የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ ሙሴ ወደ ላይ በወጣ ጊዜ ፈጣሪ ተቀምጦ ለፊደላት ዘውድ ሲያስር እንዳገኘው ይተርካል። ከጭረቶቹ አንዳንዶቹ የትንኝ እግር ያህል ቢቀጥኑም ብርዑ የጀመረበትና ያበቃበት ቦታ ለይቶ ይታያል።

የእኛም አገር ኦሪት አለው። ቤተ እስራኤል በጎንደር ዙሪያ መስጊድ በሚሉት ጸሎት ቤታቸው ያነበቡት ኦሪት በግዕዝ፣ በብራና፣ በእጅ የተጻፈ ነው። የተጠቀለለ ሳይሆን የተጠረዘ መጽሐፍ ነው፤ ቄሶቹ በስግድ ቀን ተሸክመውት ወደ ተራራ ይወጡ ነበር። ስግድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል ብሔራዊ በዓል ነው። አንድ ቃል በጥቅልልም በጥራዝም፣ በላባም በመቃም ሲጻፍ ኖሯል። በሁለቱም ወገን ጎንበስ ብሎ መስመሩን ቀድሞ ያሰመረ ሰው አለ።

አስጎብኚዋ ቀጥላ የነገረችን ግን ከሁሉ በላይ ልቤን ነካው። አንዳንድ ጊዜ የአንድ ፊደል ቅርጽ ያጠራጥራል። እግሩ አጥሮ፣ ወይም ብራናው ተበስቶ፣ ፊደሉ ይህ ነው ወይስ ያ ያሰኛል። ያን ጊዜ ሊቃውንቱ ተከራክረው አይወስኑም። ልጅ ይጠሩና ያሳዩታል። ልጁ ፊደል የለየ፣ ነገር ግን ንባቡን ከአውዱ ገምቶ ለመሙላት ያልደረሰ መሆን አለበት። በጣም ብልህ አይሁን፣ ሞኝም አይሁን ይላሉ። አንዳንዶች እንዳይገምት ዙሪያውን ያሉትን ፊደላት ይሸፍኑበታል። ልጁ ፊደሉን በትክክል ከጠራው ጥቅልሉ ደኅና ነው፤ ሌላ ፊደል ብሎ ከጠራው ይታረማል። ይህ ሕግ የመጣው ከታልሙድ ነው፤ የዘውዶቹም ታሪክ የሚገኘው እዚያው ገጽ ላይ ነው። በአንድ ገጽ ላይ ፈጣሪ ለፊደል ዘውድ ያስራል፣ ሕፃን ደግሞ ፊደሉን ይዳኛል።

ዙሪያዬን አየሁ። ጠረጴዛውን የከበቡት ልጆች ልክ በዚያ ዕድሜ ላይ ናቸው።

አስጎብኚዋ ሁለት ካርቶን አወጣች። በአንዱ ላይ ዳሌት፣ በሌላው ላይ ሬሽ ተጽፏል። ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 118 ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ ያለፈባቸው ስሞች ናቸው። ሁለቱም አንድ ጣሪያና አንድ እግር አላቸው። ልዩነታቸው ጥጉ ላይ ነው፦ ዳሌት ሹል ጥግ አላት፣ ሬሽ ክብ ናት። ከዚያ ጥቅልሉን ወደ ዘዳግም ገልጣ በብሯ ጣት አንድ ቦታ አመለከተች። አምላክ አንድ መሆኑን የሚናገረው ዐረፍተ ነገር ነው። መጨረሻው ላይ ያለው ቃል «ኤሐድ» ነው፤ በግዕዝ «አሐዱ»። የቃሉ የመጨረሻ ፊደል ዳሌት ከቃሉ ሌሎች ፊደላት ገዝፋ ተጽፋለች። ጥጓ ክብ ብትሆን ሬሽ ትሆንና ቃሉ «አሔር»፣ ሌላ ማለት ይሆናል። የአንድ ሕዝብ እምነት በአንዲት የፊደል ጥግ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ጸሐፊውም ይህን አውቆ ፊደሏን አግዝፎ፣ ጥጓን አሹሎ ጽፏታል።

«የትኛዋ ናት?» አለች አስጎብኚዋ።

ልጆቹ አንገታቸውን አሰገጉ። ካርቶኑን አዩ፣ ብራናውን አዩ። ከእኔ ልጅ ጎን የቆመች አንዲት ልጅ ከሁሉ ቀድማ «ዳሌት! ጥግ አላት» አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። የብራናው ቀለም ደብዝዟል፣ የጸሐፊው እጅም ካረፈ ቆይቷል። ያቺ ጥግ ግን ዕብራይስጥ በማታውቅ የሰባት ዓመት ልጅ ዓይን ፊት ቀርባ አለፈች።

መልካም እጅ ሥራ ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት የተረዳሁ መሰለኝ። ጌጡን፣ ሐሩን፣ ብሩን ማድነቅ ቀላል ነው፤ እኔም አድንቄያለሁ። የባለሙያው ክብር ግን ሥራውን ለሚራራለት አዋቂ ሳይሆን ያየውን ብቻ ለሚናገር ልጅ ማቅረቡ ነው። አዋቂ ጎደሎውን በልቡ ይሞላል፤ «ይህን ለማለት ፈልጎ ነው» ብሎ ያልፋል። ልጅ ያለውን ነው የሚያነበው። መሪጌታም አንድ ገጽ ሲጨርሱ ደጃቸው ላይ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ አዙረው «ይህን በዪው» ይሉኝ ነበር። ሊያስተምሩኝ መስሎኝ ነበር የኖርኩት። አሁን ሳስበው ፊደላቸውን የሚያስመረምሩትም እንደዚያ ነበር።

በዚያ ምሽት ቤት ገብተን ቡና ሳፈላ ለልጄ የማስተምርበትን የአማርኛ ደብተር አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ከጻፍኩላት ቃላት አንዱን ጠቆምኩና አንብቢው አልኳት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ደበና» አለች።

ፊት ለፊቷ ምድጃው ላይ ጀበናው ተጥዷል፣ እሷ ግን ገጹን ብቻ ነበር የምታየው። እኔም አየሁት። የጀ ጣሪያ አጥራ፣ ከአንገቱ ጋር ተጣብቃ ጠፍታለች። ቃሉን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ሁልጊዜ ጀበና እያልኩ አነበው ነበር።

ላጲስ አንስቼ ፊደሉን አጠፋሁት። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ጣሪያዋን ግራና ቀኝ ዘርግቼ፣ ከጎረቤቷ ፊደል እንዳትነካካ ቦታ ትቼ እንደገና ጻፍኩት። የቀሩትን ፊደላት በእጄ ሸፍኜ አሳየኋት።

«አሁንስ?»

«ጀ» አለች።